ፊቱን ወደ ባላገር ያዞረው ስክሪን

እማማ ወርቄ አውራ ጣታቸውን መዳፋቸው ውስጥ ቀብረው መስኮቱ ፊት ቆመዋል። የአሻራው ቀለም ተከፍቶ ይጠብቃል፣ ወረቀቱ ተዘርግቶ ይጠብቃል፣ ከኋላቸው የተኮለኮለው ሰውም ይጠብቃል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከጨለመው ስክሪን ላይ አልነቀሉም።

«ይብራና ልየው። አይቼ እፈርማለሁ» አሉ።

ኡሙልኸይር ማውሱን ነቅነቅ አደረገችው። በእሷ በኩል ያለው ስክሪን ወዲያው በራ፤ ስሙም፣ የማሳው ቁጥርም፣ ሁሉም ቁጭ አለ። በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ የዞረው ሁለተኛው ስክሪን ግን «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ብልጭ አድርጎ መልሶ ጨለመ። ከጠዋት ጀምሮ ይኼ አራተኛ ጊዜው ነው። ሲከፈት ደህና ይበራል። ኮምፒውተሩ አሥር ደቂቃ ሳይነካ ቀርቶ አንዴ ካሸለበ በኋላ ግን የሠራተኛዋ ስክሪን ይነቃል፣ የባላገሩ ተኝቶ ይቀራል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁለቱም አብረው ይነቃሉ። ሰው የሚያሳብደው ይኼኛው ነበር።

የካርታ ክፍሉ መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ስክሪን የመጣለት ለጌጥ አልነበረም። አንዱ ለጸሐፊዋ ነው፤ ሌላው ገበሬው ከአዋሳኙ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ማሳውን ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ላይ እንዲያይበት ነው። አይቶ ልክ ነው ካለ አሻራውን ያኖራል፤ ልክ ካልሆነ አቤት ይላል። በመጨረሻ ኡሙልኸይር «ገበሬው ማሳውን በስክሪን አይቶ አረጋግጧል» ከሚለው መስመር በታች ትፈርማለች፤ ያቺ ወሰንም ደብተር ላይ ታትማ ለልጅ ልጅ ትተርፋለች። በወረቀት የተጻፈው እንዲህ ነው። በተግባር ግን ስክሪኑ ከመጣበት ከጥቅምት ጀምሮ እስከዚህ እስከ ጥር ድረስ፣ ባላገሩ ብዙውን ቀን ጥቁር መስታወት ላይ የገዛ ፊቱን እያየ ሲፈርም ከርሟል። ካርታው ታትሞ እንዳይሰጠው ማተሚያው ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሏል።

«እማማ፣ ወደ ውስጥ ይግቡና በእኔ ስክሪን ይዩት» አለች ኡሙልኸይር።

«ብቻዬን?»

«ወንበር አለ፤ ይቀመጣሉ።»

«ቸኮልስ?» አሉ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን አዋሳኛቸውን በአገጫቸው እየጠቆሙ።

«እሳቸው ባለፈው ሳምንት ፈርመዋል።»

«ፈርሟል እንጂ መቼ አየ። ልጄ፣ ወሰን ለብቻ አይታይም። እኛ አገር ወሰን ሲታይ ሁለቱ አዋሳኝ ይቆማል፣ ሽማግሌ ይቆማል፣ በጠራራ ፀሐይ ይታያል። ጓዳ ገብቶ የታየ ወሰን ነገ ደም ያፋስሳል።»

ቸኮል ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ሃምሳውን የዘለለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። «እኔ ፈረምሁ፤ ምን ሆንሁ? መንግሥት በአውሮፕላን ያየውን እሷ ካላየሁት ትላለች። ካልታዘልሁ አላምንም አለች ሙሽራ» አለ። አግዳሚው ሳቀ።

እማማ ወርቄ ዞር አላሉም። «አዎ፣ ካልታዘልሁ አላምንም። እንታዘላለን ብለው አምነው በእግራቸው የሄዱ ሙሽሮች ስንት አሉ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለኡሙልኸይር ብቻ ነገሯት። አንድ ጊዜ ሳያዩ ፈርመዋል። ስብሰባ ላይ ተገኝተዋል የሚል ወረቀት ነው ብለዋቸው ነበር። ኋላ ሲሰሙ ግን የምንጩን ግጦሽ ለቅቄያለሁ ማለት ሆኖ ተገኘ። «ከዚያ ወዲህ ይቺ ጣት ዓይኔን ሳታስፈቅድ ቀለም አትነካም» አሉ።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ አምላኩ ስልኩን እየዘጋ ከውስጥ ወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ ያደገና ቸኩሎ የተሾመ ሰው ነው። የአቤቱታው ጊዜ የሚያልቀው ዛሬ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ዝርዝሩን ይዞ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ተዘጋጅቷል።

«ኡሙ፣ አስፈርሚያቸው እንጂ። ሁለት መቶ ስምንት ሰው ፈርሟል። የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይኼ የፈረመ ሰው ሁሉ የሳቸውን ጣት ነው የሚጠብቀው።»

«ስክሪኑ አልነቃም።»

«እሱን እኮ ተይው አልሁሽ። አርጅቷል። ሰኞ ነቅላችሁ አዳራሽ አስገቡት፤ ለስብሰባ ይሆናል። ባላገር እንደሁ ካርታ አያነብም። ምን ይሠራለታል?»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሰውየው ይህን የተናገረው ባለቤቶቹ አግዳሚ ሞልተው በተቀመጡበት ነው። ኡሙልኸይር የወረኢሉ ልጅ ናት፤ አባቷ እንዲህ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያረጀ ገበሬ ነው። ደሟ ወደ ጆሮዋ ወጣ።

«ካርታ የማያነብ ከሆነ ለምን ያስፈርሙታል?» አለች።

አምላኩ ወደ አግዳሚው ሰረቅ አድርጎ አየ። ሰው ይሰማል።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይስጡኝ» አለች ኡሙልኸይር። «ጥፋቱን ካላገኘሁ እኔው ራሴ ተሸክሜ አዳራሽ አስገባዋለሁ። ካገኘሁ ግን ከዚህ አይነሳም። ጀመዓው ምስክር ነው።»

«እሺ፤ ዘጠኝ ሰዓት» አለና ሰዓቱን አይቶ ገባ።

ምስክር ፊት መናገር ቀላል ነው፤ ስክሪኑን መቀስቀስ ነው ቁም ነገሩ። ኡሙልኸይር ለዚህ ስክሪን ያላደረገችው የለም። የማሳያውን ቅንብር ደጋግማ አስተካክላለች፤ ፕሮግራሙን አውርዳ እንደገና ጭናለች። ኮምፒውተሩ ጭራሽ እንዳያሸልብ ልታደርገው ስትል ቁልፉ በበላይ አካል እጅ ነው፣ የይለፍ ቃሉን አልሰጧትም። በስልክ ስትጠይቅ «አጥፍተሽ አብሪው» አሏት። አጥፍቶ ማብራቱንማ የዘበኛው በግም ያውቀዋል።

ዛሬ ግን በብልሃት ልትሄድበት ወሰነች። በሽታው ማንን እንደሚከተል ለማየት ዕቃ መለዋወጥ ነው። የራሷን ስክሪን ነቅላ ወደ ባላገሩ አዞረችው፤ የባላገሩን ወደ ራሷ አመጣችው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳች። ሁለቱም በሩ። አሥር ደቂቃ ተጠበቀ፤ ኮምፒውተሩ አሸለበ። በመካከሉ አምፖሉ አንድ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ፤ ጠረጴዛው ሥር ያለው የኮምፒውተሩ ባትሪ እንደ ልማዱ ጲጵ አለ። ጲጵታውን ከሰማች ስንት ጊዜዋ፤ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ አልቆየም። ማውሱን ነካች።

ሦስት ወር ሙሉ ተኝቶ የከረመው ስክሪን እሷ ፊት ቁልጭ ብሎ ነቃ። ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ቀን ያላስቸገራት የራሷ ስክሪን ደግሞ ወደ ባላገሩ በዞረ በመጀመሪያው ሰዓት ተኛ።

ከአግዳሚው አንዱ «ወላሂ ይኼ ስክሪን ቢሮ ገብቶ ሠራተኛ ሆኗል። ፊቱን ወደ እኛ ያዞሩት ሁሉ ይተኛል» አለ። በር ላይ በትራቸውን ተደግፈው የተቀመጡት ዘበኛው ጋሽ ፈንታው ሳይቀሩ ሳቁ። ቸኮል በበኩሉ ቤቱ ድሮ ጎተራ ስለነበር አይጥም ሰውም እዚህ ገብቶ ያልተኛ እንደሌለ ተናገረ፤ ቦታው ዱዓ ወይም ጠበል ሳያስፈልገው አይቀርም።

ኡሙልኸይር አልሳቀችም፤ ተናደደች። ንዴቷ ውስጥ ግን አንዲት ነገር ቆነጠጠቻት። ፊቱን ወደ እኛ ያዞሩት ሁሉ፣ ነበር ያለው ሰውየው። እንግዲያው በሽታው የስክሪኑ አይደለም። ኬብሎቹን ለዋወጠች፤ ያው ሆነ። ኮምፒውተሩ ጀርባ ያለውን መሰኪያ ለዋወጠች፤ ያው ሆነ። የኬብሉም፣ የመሰኪያውም አይደለም። በሽታው የቦታው ነው ማለት ነው፤ ቸኮል በቀልድ የተናገረው እውነት ሊሆን ነው። ቦታው ደግሞ በዓይን ሲያዩት ምንም የለበትም። ግድግዳ፣ ሶኬት፣ ኬብሉ ረጅም ስለሆነ ምልክቱን የምታበረታ የክብሪት ቤት የምታህል ሣጥን። ሣጥኗ መብራቷ በርቶ ትታያለች።

ስድስት ሰዓት ሆነ። የመስጊዱ አዛን ተሰማ፤ ከአግዳሚው ገሚሱ ለሶላት ወጣ፣ ገሚሱ ቆሎውን ፈታ። አምላኩ ምሳ ሄደ። ኡሙልኸይር ውስጥ ባለችው ጠባብ ቦታ ሶላቷን አድርሳ ተመለሰችና እህል ሳትቀምስ ስክሪኑ ጀርባ ተንበረከከች። ወገቧን እስኪያማት ኬብል ለኬብል ስትዳብስ ቆየች። ሰባት ሰዓት አለፈ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው።

«አንቺ ልጅ» አሉ እማማ ወርቄ ከወዲያ ማዶ። «ከጀርባው ሆነሽ ምን ይታይሻል? ነይ ከኛ ጋር ተቀመጭ።»

«ጊዜ የለኝም፣ እማማ።»

«ጊዜ የለኝም ያለ ሁሉ ነው ያላየው። ነይ፣ አብሽሪ። እግርሽንም አሳርፊው።»

እግሯን ብቻ አይደለም፣ ልቧንም ማሳረፍ አምሯት ነበር። ዞራ ወጣችና አግዳሚው ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች። ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ስትሠራ እዚህ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚህ ሲያዩት ቤቱ ሌላ ቤት ነው። የራሷ ወንበር አይታይም፤ የራሷ ስክሪን ጀርባው ብቻ ይታያል። ሠራተኛ ቢኖር ከፀጉሩ በቀር የሚታይ የለውም። ጥቁሩ ስክሪን ግን ልክ ፊት ለፊት ነው፤ ውስጡ አግዳሚው ከነሰዉ ተቀምጧል።

እማማ ወርቄ ቆሏቸውን ቆጠር አድርገው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

በዚህ መካከል አምፖሉ ብልጭ አለ፤ ድርግም አለ፤ መልሶ በራ። ከውስጥ ባትሪው ጲጵ ሲል ተሰማ።

ጋሽ ፈንታው ተነሡ። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። በመስኮቱ ሥር ወዳለው ሶኬት ጎንበስ አሉና ጥጃ ከእናቷ ጡት እንደሚለይ ሰው በቀስታ ነቀሉት። ጫፉን እፍ ብለው አቧራውን አራገፉ። ከዚያ አምፖሉን ቀና ብለው እያዩ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ መቁጠር ጀመሩ። መቶ ሲሞላ መልሰው ሰኩት። ሣጥኗ መብራቷን አበራች። ጋሽ ፈንታውም ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ኡሙልኸይር ቆሎው አፏ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ጋሽ ፈንታው፣ ይኼን ሁልጊዜ ያደርጉታል?»

«መብራቱ በተወላገደ ቁጥር። አንድ ቀን አላስታጎልሁም፤ ለምሳም ስወጣ ለሰው አደራ ብዬ ነው» አሉ በኩራት።

«ማን አዘዘዎት?»

ጋሽ ፈንታው ግራ ተጋብተው አዩዋት። ከዚያ በሩ ጎን ግድግዳው ላይ ወደ ተለጠፈው ወረቀት ዓይናቸውን ላኩ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን በየጠዋቱ አንድ ጊዜ ያነቡታል። ኡሙልኸይርም አነበበችው። «ማሳሰቢያ። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል በመስኮቱ በኩል ያለው ሶኬት ወዲያውኑ ይነቀል።» ከሥሩ ማኅተም አለ። ከማኅተሙ ጎን «ኡሙልኸይር አህመድ» የሚል ፊርማ አለ።

ክረምት ላይ ማተሚያው የተቃጠለ ዕለት ነው የጻፈችው። ያኔ በዚያ ሶኬት ላይ የነበረው ማተሚያው ነበር። ማተሚያው ተነሣ፤ በጥቅምት ስክሪኑ መጥቶ በእሱ ቦታ ተሰካ። ወረቀቱን ግን ያነሣው የለም። ለውስጠኛው ሰው ጀርባውን የሰጠ ወረቀት ነው፤ እሷ በበሩ ስትገባና ስትወጣ ታልፈዋለች እንጂ አታየውም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ለካ እንዲህ ነው።

«እናንተስ ሲነቅሉ እያያችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች ወደ አግዳሚው ዞራ።

«ማኅተም አለበት» አሉ እማማ ወርቄ። «እኛማ ሕግ መስሎን።»

አፈረች። ፊቷ ነደደ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ፣ ሰው ሳያይ ወረቀቱን ገንጥሎ ኪስ መክተት ነበር። ሶኬቱን ወደ ውስጠኛው ባትሪ ማዛወር ነው፤ ስክሪኑ ይበራል፣ ሰውም «ጎበዝ ልጅ» ይላታል፤ ማን ይጠይቃታል? ይህን አስባ እንደገና አፈረችና ተነሥታ ወደ ሥራዋ ገባች።

ነገሩ ሲገባት ቀላል ነበር። ኮምፒውተሩ ከባትሪው ጋር ስለተያያዘ መብራት ሄደ መጣ ደንታ የለውም። ሲያሸልብ ግን ማን እንዳለ ይቆጣጠራል፤ በዚያ መካከል የጠፋውን ቀሪ ብሎ ይጽፋል፣ ሲነቃም መልሶ አይጠራውም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስም ሲጠራ ውጭ የቆመ ሰው ኋላ ቢገባም ቀሪ ተብሎ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ሣጥኗ የጠፋችበት ስክሪንም ቀሪ ይባላል። ኋላ ቢሰካ የሚጠራው የለም። መብራት ደህና በዋለ ቀን ግን ጋሽ ፈንታው አይነቅሉም፤ ስክሪኑም ይነቃል።

ማመን ብቻ አልበቃትም። ሶኬቱን ወደ ባትሪው አዛወረች፤ ኮምፒውተሩን አስነሣች፤ አሥር ደቂቃ አስተኛችው። አግዳሚው ትንፋሹን ዋጠ። ነካችው። ሁለቱም ነቁ። መልሳ አስተኛችና ሶኬቱን ራሷ ነቅላ መቶ ቆጠረች፤ ሰካች፤ ቀሰቀሰች። የባላገሩ ተኛ። አሁን እርግጠኛ ሆነች። እንደገና ሁለቱንም አበራችና በሩን እያየች ጠበቀች።

አምላኩ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። ስክሪኑ በርቶ አረንጓዴና ቡናማ ማሳ ሞልቶበታል። ሰውየው ደስም አለው፣ ተከፋም።

«ምን ሆኖ ነበር?»

«ሶኬቱ እየተነቀለ ነው። መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር።»

«ማን ነው የሚነቅለው?»

ጋሽ ፈንታው ተነሡ። «እኔ ነኝ» አሉ።

«አንተ? ሦስት ወር ሙሉ ሥራችንን ስታበላሽ የኖርከው አንተ ነህ?» አምላኩ ደብተሩን አወጣ። አባቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው አንተ አላቸው። «እጽፋለሁ። ሰኞ ደግሞ ሌላ ዘበኛ ይመጣል።»

«ታዝዤ ነው» አሉ ጋሽ ፈንታው። ከዚህ ሌላ አልጨመሩም። ወደ ግድግዳው አልጠቆሙም፤ ወደ ኡሙልኸይርም ዓይናቸውን አልላኩም። ያለማየታቸው ነው እሷን የገደላት። በትራቸውን ፈልገው አነሡ።

ኡሙልኸይር ዞራ ወጣች። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቀለችና አምላኩ በከፈተው ደብተር ላይ አኖረችው።

«ያንብቡት። ፊርማው የማን ነው?»

አነበበ።

«እንግዲያው እሱን ይጻፉ። ስሜን ከነአባቴ ይጻፉ፤ ቦታም አይጠብዎት። ጋሽ ፈንታው የታዘዙትን ከኛ ሁሉ በተሻለ የሠሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አላስታጎሉም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እና በገዛ ጥፋትሽ ነው ጠዋት ሰው ፊት ያዋረድሽኝ?»

«አዎ፣ በገዛ ጥፋቴ። በገዛ ጥፋቴ ይኼን ሁሉ ሰው ጥቁር መስታወት ሳሳየው ከርሜያለሁ። ለዚህ መቀጣት ካለብኝ እቀጣለሁ። ስክሪኑ ግን ከዚህ አይነሳም፤ ቃላችን እሱ ነበር።»

አምላኩ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። እስክሪብቶው ደብተሩን አልነካም። «ይሁን» አለ በመጨረሻ። «አሁን ሴትዮዋን አስፈርሚና መኪናው ይሂድ።»

እማማ ወርቄ ቀድመው ተነሥተዋል። «ቸኮል፣ ና ወዲህ። ጋሽ ፈንታው፣ እርስዎም ሽማግሌ ነዎት፤ ይቁሙልን።» ሦስቱ ስክሪኑ ፊት ቆሙ። ኡሙልኸይር የማሳውን ቁጥር አስገባች። ፎቶው ቀረብ እያለ መጣና ቢጫ መስመር ታየበት።

ካርታ አያነብም የተባለው ባላገር ነው እንግዲህ። እማማ ወርቄ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ዘረጉ። «ይኼ የመስጊዱ ቆርቆሮ ነው። ከሱ ወደ ታች የበቅሎ መንገዱ። ይኼ ምንጩ፣ ይኼ የኔ አጥር።» ጣታቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ ላይ ቆመ። «ቸኮል፣ ይቺ ምንድን ናት?»

ቸኮል አንገቱን አሰገገ። «ወይራዋ ናት። አባቴ የተከላት።»

«የማን ናት?»

«የኔ ናት እንጂ። አገር ያውቃል።»

«መስመሩን ተከተለው።»

ቸኮል ቢጫውን መስመር በዓይኑ ተከተለ። መስመሩ ከምንጩ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መጣ፤ ወይራዋ ጋ ሲደርስ ወደ ቸኮል ማሳ እጥፍ አለና ወይራዋን፣ ከወይራዋም ጋር ግማሽ ቀን የሚታረስ መሬት ወደ ወርቄ አስገብቶ ወረደ። ቸኮል ጋቢውን ከትከሻው ላይ ለቀቀው። ጠዋት ሲቀልድ የነበረው አፉ ተከፍቶ ቀረ። በዚያ መስመር ላይ ባለፈው ሳምንት በገዛ አውራ ጣቱ ልክ ነው ብሏል።

አምላኩ ቀረብ ብሎ አየ። ከዚያ ወደ ሰዓቱ አየ። «ታዲያ እማማ፣ መሬቱ የገባው ወደ እርስዎ ነው። ምን ያስከፋዎታል? ይፈርሙ።»

«ሳላይ አልፈርምም አልሁ» አሉ እማማ ወርቄ። «አይቼ ደግሞ በሰው መሬት ላይ ልፈርም? ይኼ የኔ አይደለም። ጎረቤቴ ሳያይ በራሱ ላይ ከፈረመ፣ እኔ ዓይኔ እያየ አልቀማውም። ደግሞስ የቸኮል ወደኔ ከመጣ፣ የኔ በወዲያኛው ወሰን ወደ ማን ሄዶ ይሆን? እዚያስ ሳያይ የፈረመው ማን ነው?»

ይህ ጥያቄ ኡሙልኸይር ላይ ወደቀ። ሁለት መቶ ስምንት ሰው። ከመካከላቸው ስክሪኑ በርቶ ያየው የቱ ነው፣ ጨልሞ ሳለ የፈረመው የቱ ነው? አላወቀችም፤ የሚያውቅም የለም። የዝርዝሩን የመጨረሻ ገጽ ገለጠች። «ገበሬው ማሳውን በስክሪን አይቶ አረጋግጧል» ይላል። ከሥሩ የእሷ ፊርማ ቦታ ባዶ ነው። እስክሪብቶዋን ዘጋችና ዝርዝሩን ከነማኅደሩ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አምላኩ።

«ዝርዝሩ ዛሬ አይሄድም።»

«በማን ሥልጣን?»

«በማንም ሥልጣን አይደለም። አይቷል ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። አላየም። አልፈርምም።»

«ኡሙ፣ እንጀራሽ ነው።»

«አውቃለሁ። እንጀራዬ ነው፤ ለዚያ ነው ሳላይ የማልቆርሰው።» አንድ ንጹሕ ወረቀት ሳበችና እዚያው ቆማ ጻፈች። «ከጥቅምት ጀምሮ የፈረማችሁ ሁሉ ከአዋሳኛችሁ ጋር ተመልሳችሁ ማሳችሁን እዩ። ስክሪኑ ጨልሞ የነበረው በእኔ ጥፋት ነው። ኡሙልኸይር አህመድ።» ማኅተሙ አምላኩ ዘንድ ስለነበር ያለ ማኅተም ለጋሽ ፈንታው ሰጠችው።

ጋሽ ፈንታው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። የቀድሞው ወረቀት በነበረበት ቦታ ለጠፉትና፣ ጀመዓው እንዲሰማ ቃል በቃል ጮክ ብለው አነበቡት። ቸኮል ሳይነግሩት ሄዶ አግዳሚው መጀመሪያ ላይ፣ ከሁሉ በፊት ተቀመጠ።

ውጭ መኪናው ጥሩምባ ነፋ። አምላኩ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ተቆለፈው መሳቢያ አየ፣ ወደ በራው ስክሪን አየ። ለአንድ ጊዜ እንኳ የቸኮለ ሳይሆን የደከመው ሰው መስሎ ታየ።

«ከደሴ ደውለው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አለ።

እማማ ወርቄ ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ይጠብቃቸዋል። ሰኞም ይመለሳሉ፤ ለቸኮልም ሽማግሌ ሆነው ሊቆሙ ነው።

«ሁለት ሴቶች አንፈርምም አሉኝ በላቸው» አሉና ንጹሕ አውራ ጣታቸውን መዳፋቸው ውስጥ አስገብተው ወጡ።